አባቴ የዘለለው ትምህርት

አባቴ አቃቂ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያስተምር ነበር። ሰፈሩ በሙሉ «ቲቸር» ነው የሚለው። እናቴ እንኳ ሲያናድዳት «ቲቸር፣ ምሳህ ቀዘቀዘ» ትለዋለች። እሷ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ውስጥ በሺፍት ትሠራ ስለነበር ሁለቱ ቤት አብረው የሚውሉት እሁድ እሁድ ብቻ ነበር። ልጆቻቸው ሁለት ነን፤ ታላቅ ወንድሜና እኔ። እሱ በብዙ ይበልጠኛል። እኔ ፊደል ስቆጥር እሱ ጢሙን መላጨት ጀምሮ ነበር።

የምንኖረው ከዋናው አስፋልት ወደ ወንዙ በሚወርደው ኮረኮንች መንገድ ዳር፣ በቀበሌ ቤት ነው። ወደ ጅቡቲ የሚወርዱት ከባድ መኪኖች ሲያልፉ መስኮታችን ይንቀጠቀጣል። ወንድሜ ዓይኑን ጨፍኖ በድምፃቸው ብቻ የትኛው ተሳቢ እንዳለው፣ የትኛው ፍሬኑ እንዳረጀ ይነግረኛል። ክረምት ክረምት ቃሊቲ አንድ ጋራዥ እየዋለ ጥፍሩ ውስጥ ግሪስ ይዞ ይመጣል። እናቴ በላርጎ ታስታጥበዋለች።

አባቴ ከእንግሊዝኛ ሰዋስው ሁሉ አስበልጦ የሚወደው በ«ኢፍ» የሚጀምሩትን ዓረፍተ ነገሮች ነበር። በተለይ «ኢፍ አይ ዌር» የሚለውን። «አይ» ካለ የሚከተለው «ዎዝ» እንደሆነ ሰባተኛ ክፍል ያለ ልጅም ያውቃል። ታዲያ እዚህ ላይ ለምን «ዌር» ሆነ? ይህን ጥያቄ በየዓመቱ ለተማሪዎቹ ያቀርብና ጠመኔውን በጣቶቹ መካከል እያሽከረከረ ይጠብቃል። የሚመልስለት የለም።

«ስላልሆነ ነው» ይላል ያን ጊዜ። «‹ኢፍ አይ ዌር ኤ ኪንግ› ስላችሁ ንጉሥ እንዳልሆንኩ እናንተም ታውቃላችሁ፣ እኔም አውቃለሁ። ግሱ ራሱ ነው የሚናገርብኝ። ሰሚው እንዳይታለል ምልክት ይሰጣል። በአማርኛ ‹ብሆን ኖሮ› እንደምንለው ማለት ነው።»

ይህን ማብራሪያ እኔ ገና ትምህርት ቤቱ ሳልገባ በቃሌ አውቀው ነበር፤ ምክንያቱም ቤትም፣ እራት ላይም፣ እንግዳ ፊትም ይደግመዋል።

ወንድሜ ግን እንግሊዝኛ አልሆነለትም። ሞተር ፈትቶ የሚገጥም ልጅ ግስ መግጠም አቃተው። አንድ ቀን አባቴ «ወፍ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? በእንግሊዝኛ መልስልኝ» አለው። ወንድሜ ትንሽ አሰብ አድርጎ በአማርኛ «ወፍ ብሆን ኖሮ ከአቃቂ ወንዝ ውኃ አልጠጣም ነበር» አለ። ወንዙ የፋብሪካ ቀለም እየጠጣ አንድ ቀን ሰማያዊ፣ አንድ ቀን ቡና ዓይነት እየሆነ የሚወርድበት ጊዜ ነበር። አባቴ ሳቀ። «በል አሁን በእንግሊዝኛ» አለው። ወንድሜ «ኢፍ አይ ዎዝ» ብሎ ሲጀምር አባቴ ጥርሱን እንደ ታመመ ሰው ዓይኑን ጨፈነ። ወንድሜም እዚያው ላይ አቆመ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ነበር የሚያልቀው።

የማትሪክ ውጤት ሲመጣ ወንድሜ አላለፈም። በእንግሊዝኛ ያገኘው ኤፍ ነበር። የእንግሊዝኛ አስተማሪው ልጅ በእንግሊዝኛ ወደቀ ተብሎ በትምህርት ቤቱ ተወራ። አባቴ አልተቆጣም፤ አልመከረም። ለሳምንት ያህል ራቱን ጋዜጣ ፊቱ ላይ ዘርግቶ በላ። ወንድሜ ከዚያ ወዲህ ጋራዡ ውስጥ ቋሚ ሆነና በመጀመሪያ ደመወዙ ለአባቴ ካልሲ፣ ለእናቴ ሻሽ ገዛ። አባቴ ካልሲውን ተቀብሎ «ተባረክ» አለው።

በሰሜን ድንበር ጦርነት ሲነሳ ከጋራዡ ልጆች ብዙዎቹ ቀበሌ ሄደው ተመዘገቡ። ወንድሜም አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ እጁን ሳይታጠብ ቁጭ አለና «ተመዝግቤያለሁ» አለ።

«ማን አዘዘህ?» አለ አባቴ።

«ማንም። ራሴ ነኝ።»

«ለምን?»

«ጓደኞቼ ሁሉ እየሄዱ ነው፣ አባዬ። እዚህ ቀርቼ ምን እሆናለሁ?»

እናቴ «መቼ ነው?» ብቻ ብላ ጠየቀች። በማግስቱ ገብስ ቆልታ በሶ አስፈጨች። ሹራቡን አጥባ ገመድ ላይ ሰቀለችው፤ ሲደርቅ አጣጥፋ ቦርሳው ውስጥ ከተተችው። የሄዱበት ቀን ቀበሌው በር ላይ ሙዚቃ ይጫወት ነበር። ወንድሜ አውቶቡሱ መስኮት ላይ ሆኖ እኔን በጣቱ እያሳየ ለጓደኛው የሆነ ነገር ሲናገርና ሁለቱም ሲስቁ አስታውሳለሁ። ስለ እኔ ምን እንዳለው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከማሠልጠኛ አንድ ደብዳቤ መጣልን። የጤና ሰላምታ፣ የብርዱ ነገር፣ ጫማው እንደ ጠበበው። መጨረሻው ላይ ግን በትልልቅ ፊደላት አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ጽፏል፦ «ኢፍ አይ ዌር አት ሆም ቱዴይ፣ አይ ዉድ ኢት ማይ ማዘርስ ሽሮ።» ዛሬ ቤት ብሆን ኖሮ የእናቴን ሽሮ እበላ ነበር፣ ነው የሚለው። አባቴ ቆሞ አነበበው፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ አነበበው። «ዌር አለ» አለን ቀና ብሎ። «አያችሁት? ዌር ነው ያለው።» ፊቱ ላይ እንደዚያ ያለ ደስታ አይቼ አላውቅም ነበር። በማግስቱ ደብዳቤውን ትምህርት ቤት ወስዶ ለባልደረቦቹ አሳየ። እናቴ ደግሞ ሽሮውን ሰምታ ዕንባዋ መጣ።

ሌላ ደብዳቤ አልመጣም።

ዝምታው ሲረዝም እናቴ የምትናገረውን ቃል መምረጥ ጀመረች። ወንድሜን ስታነሳ «ሲመጣ» ነው የምትለው። «ሲመጣ አልጋውን እናድሳለን።» «ሲመጣ ይህን ሱሪ አይወደውም።» ሌላ ቃል አትፈቅድም። ከግድግዳችን ወዲያ የምትኖር የወሎ ሴት ነበረች። ባሏ ከባድ መኪና ነጂ ነው፤ ከጅቡቲ ሲመለስ ቴምር ያመጣልናል። አንድ ቀን ቤታችን ቁጭ ብላ ስትጫወት «እንግዲህ ልጁ ከመጣ...» ብላ ጀመረች።

«ሲመጣ» አለቻት እናቴ።

«አዎ፣ እሱን ማለቴ ነው፤ አላህ ያምጣው።»

«እንዲያ ከሆነ ሲመጣ በዪ።»

ጎረቤታችን «ሲመጣ» አለች። ከዚያ ብዙም ሳትቆይ ተነስታ ሄደች። አባቴ ጥግ ላይ የተማሪ ወረቀት ያርም ነበር። ቀይ እስክሪብቶውን ይዞ እናቴን ለረጅም ጊዜ አያትና ወደ ወረቀቱ ተመለሰ።

ጦርነቱ አበቃ። የሚመለሱት ተመለሱ። አንዳንዱ በክራንች፣ አንዳንዱ ከስቶ ጠቁሮ፣ አንዳንዱ ምንም እንዳልሆነ ሰው። የጋራዡ ጓደኛው፣ አውቶቡስ ውስጥ አብሮት ሲስቅ የነበረው፣ መጥቶ ጠየቀን። በሌላ ክፍለ ጦር እንደ ተመደበ፣ ወንድሜን ከማሠልጠኛው በኋላ እንዳላየው ነገረን። እናቴ ምሳ አቀረበችለት። እሱ ሲበላ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ እያንዳንዱን ጉርሻ ታየዋለች። ከዚያ በኋላ ዓመት አለፈ፤ አሥረኛ ክፍል ገባሁ። የእንግሊዝኛ አስተማሪዬም አባቴ ሆነ።

በዚያው ጥቅምት ቀበሌው ለሟች ቤተሰቦች መርዶ ሊነግር ነው የሚል ወሬ ተነሳ። ታች ሰፈር ያሉ ሁለት ቤቶች ተነገራቸው፤ ልቅሶው እኛ ድረስ ተሰማ። እናቴ በዚያ ሳምንት የሌሊት ሺፍት ነበረች። ገና ጎሕ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። አባቴ ከፈተ። የዕድሩ ሰብሳቢ፣ አንድ ቄስ፣ ከቀበሌ የመጣ ሰውዬ፣ ከኋላቸው ደግሞ የማዕዘኑ ሱቅ ባለቤት ስልጤውና ጎረቤታችን ቆመዋል። ሁሉም መሬት መሬት ነው የሚያዩት።

«ግቡ» አላቸው አባቴ።

ገቡ፤ ግን የተቀመጠ የለም። ሰብሳቢው ዙሪያውን አየና «እናቱስ?» አለ።

«ሌሊት ናት። አሁን ሰርቪስ ያወርዳታል።»

ስለዚህ መርዶውን አባቴ ብቻውን ሰማ። የቀበሌው ሰውዬ ለሀገር ስለመሞት መናገር ጀምሮ ነበር፤ ሰብሳቢው ክንዱን ይዞ አስቆመው። አባቴ ተቀመጠ። ወዲያው ደግሞ ተነሳ። እኔ መጋረጃውን ጨብጬ ቆሜያለሁ።

«አስፋልቱ ላይ ልቀበላት» አለ። «መጥታ ይህን ሁሉ ሰው እንዳታይ።»

«ቲቸር፣ አብሬዎት ልሂድ» አለው ባለሱቁ።

«የለም። ልጅቷ ትበቃኛለች።»

እኔና እሱ አቀበቱን ወጣን። መንገድ ላይ «እንዳታለቅሺ፤ ቤት እስክንደርስ ብቻ» አለኝ። ወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ቆምን። ብርድ ነበር። ሰርቪሱ መጣና ሴቶቹ ፀጉራቸው ላይ የጥጥ ብናኝ እንደ ያዙ እያዛጉ ወረዱ። እናቴ ስታየን ገረማት። አባቴ ሄዶ የምሳ ዕቃዋን ከእጇ ተቀበላት። በትዳር ዘመኑ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። እሷ የምሳ ዕቃውን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች።

«ምን ሆናችሁ?»

«ወደ ቤት እንሂድ።»

«ቤት ማን አለ?»

አባቴ የምሳ ዕቃውን ወደ ደረቱ አስጠጋ።

«ቤት ሰው አለ ወይ?» አለችው እንደገና፣ ቀስ ብላ።

«አለ» አላት።

እዚያው አስፋልቱ ዳር ላይ ቁጭ አለች። ወደየቤታቸው መበታተን የጀመሩት የሥራ ጓደኞቿ ድምፅዋን ሲሰሙ እየሮጡ ተመለሱ። ቤት ድረስ ይዘዋት የወረዱት እነሱ ናቸው። አባቴ የምሳ ዕቃውን ደረቱ ላይ ይዞ ከኋላ ይከተላል።

ድንኳኑ ተተከለ፤ ሰው መጣ፤ ሰው ሄደ። ወንድሜ የት እንደ ተቀበረ የሚያውቅ አልነበረም። ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ቤታችን ውስጥ ስሙ አልተነሳም። እናቴ «ሲመጣ» ማለቷን ተወች፤ በቦታው ግን ሌላ ቃል አልተካችም። አባቴ ጢሙን አሳድጎ፣ ጥቁር ኮት ለብሶ ወደ ክፍል ተመለሰ። በስድስተኛው ፔሬድ ላይ ኮቱ በጠመኔ ብናኝ ግራጫ ይሆናል።

ታኅሣሥ ላይ ያ የ«ኢፍ» ምዕራፍ ደረሰ። የመጀመሪያውን ዓይነት፣ ሊሆን የሚችለውን፣ እንደ ወትሮው አስተማረን። ዝናብ ከዘነበ ቤት እንቀመጣለን፣ የመሳሰለውን። ወደ ሁለተኛው ሲያልፍ ታላላቆቻችን የነገሩንን ጥያቄ ሁላችንም እንጠብቅ ነበር። «ለምን ዌር ሆነ?» ሳይል ደንቡን ሰሌዳ ላይ ጻፈና «ገልብጡ» አለን።

ሦስተኛው ስላለፈ ነገር ነው፤ ሊሆን ይችል ስለነበረና ስላልሆነ። መጽሐፉ ውስጥ ያለውን ምሳሌ መጻፍ ጀመረ። ያቺን ምሳሌ በዚህ አገር ትምህርት ቤት ያለፈ ሁሉ ያውቃታል፦ በርትቶ ቢያጠና ኖሮ ፈተናውን ያልፍ ነበር። «ኢፍ ሂ ሃድ ስተዲድ ሃርድ» ብሎ ኮማውን አስቀመጠ። ጠመኔው ከሰሌዳው ሳይነሳ እዚያው ቆመ። ጀርባውን ነው የምናየው። ከኋላ ወንበር አንዱ የረሳው መስሎት «ሂ ዉድ ሃቭ ፓስድ» ብሎ ሊረዳው ሞከረ። አባቴ ዳስተሩን አነሳና የጻፈውን ጠረገው።

«በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ አዲስ ምዕራፍ እንጀምራለን» አለን። ከደወሉ በፊት ወጣ።

እንዳለውም ሦስተኛውን ዓይነት ዘሎ አለፈ። የክፍላችን አለቃ፣ ጎበዝና ጭምት ልጅ፣ በእረፍት ሰዓት መጥታ አጠገቤ ቆመች። «ሀዘን ላይ ናችሁ፤ መጠየቁም ያሳፍራል» አለችኝ። «ግን ብሔራዊ ፈተና ላይ ሳይመጣ የቀረበት ጊዜ የለም ይላሉ። አንቺ ብትነግሪው?»

ብዙ ቀን አንገራገርኩ። በመጨረሻ አንድ እሁድ፣ እናቴ ሰፌድ ላይ ምስር ስትለቅም፣ አባቴ አጠገቧ ሬዲዮ ሲሰማ፣ «አባዬ፣ ሦስተኛውን እኮ አላስተማርከንም። ፈተና ላይ ይመጣል» አልኩት።

ሬዲዮውን ዘጋ። «አምጪው መጽሐፉን» አለኝ።

ገጹን ገልጬ ሰጠሁት። ዓረፍተ ነገሩን በእንግሊዝኛ እስከ መጨረሻው አነበበው። ድምፁ ስለተለወጠ እናቴ ቀና አለች።

«ምንድን ነው የሚለው?»

አባቴ ገጹ ላይ አቀረቀረ።

«አንቺ ንገሪኝ» አለች ወደ እኔ ዞራ።

«‹በርትቶ ቢያጠና ኖሮ ፈተናውን ያልፍ ነበር› ነው የሚለው፣ እማዬ።»

እጇ ምስሩ ላይ ቆመ።

«ስህተት ነው» አለ አባቴ። መጽሐፉን ከደነው። «እኔ ባስጠናው ኖሮ ነው መባል ያለበት። የሰው ልጅ ሁሉ ሳስተምር ውዬ እመጣና እሱ ሲሳሳት ዓይኔን እጨፍንበት ነበር። አንድ ክረምት አጠገቡ ቁጭ ብዬ ባስጠናው ኖሮ ኮሌጅ ይገባ ነበር። ኮሌጅ ቢገባ ኖሮ አይሄድም ነበር።»

«ኮሌጅ የገቡትም ሄደዋል» አለች እናቴ።

«እሱ አይሄድም ነበር።»

«በሶውን ያስፈጨሁት እኔ ነኝ» አለች። ድምፅዋ አልጨመረም። «ሹራቡን አጥቤ፣ አጣጥፌ፣ ቦርሳውን ዘግቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ። መቼ ነው ብዬ ጠየቅሁት እንጂ አትሄድም አላልኩትም። በሩ ላይ ብተኛ ኖሮ ተራምዶኝ አይሄድም ነበር።»

«ይሄድ ነበር» አላት አባቴ። «ወጣት ነው፤ ጓደኞቹ ሄደዋል። አንቺ ምን ታደርጊ?»

«አንተስ ምን ታደርግ? እንግሊዝኛ በግድ አይገባ።»

ከመርዶው ቀን ወዲህ ስለ እሱ ሲነጋገሩ የሰማሁት ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው። እየተካሰሱ ሳይሆን እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ጥፋት ያቀርባሉ፤ ሌላው ያነሳላቸዋል። ብዙ ተነጋገሩ። ስለ ጠበበው ጫማ፣ ስለ ካልሲው፣ አንድ ቁጥር የሚበልጥ ጫማ ገዝተን ብንልክለት ኖሮ ስለሚባለውም። እናቴ ሰፌዱን ወደ ጎን አድርጋ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። አባቴ ተጠግቶ ትከሻዋን ይዞ ተቀመጠ። እኔ ወደ ጓሮ ወጣሁ፤ የሰቀልኩት ልብስ ደርቆ ነበርና አንድ በአንድ አወረድኩት። ቸኩዬ መመለስ አልፈለግሁም።

በማግስቱ ክፍል ገብቶ የተዘለለውን ሦስተኛ ዓይነት እንደሚያስተምር ነገረን። የመጽሐፉን ምሳሌ ትቶ ስለ አውቶቡስ ጻፈ፤ ቶሎ ብነሳ ኖሮ አውቶቡሱ አያመልጠኝም ነበር። ድምፁ ደረቅ ነበር፤ ግን ደረጃ በደረጃ፣ ሳያቋርጥ አስረዳን። አለቃችን እጇን አውጥታ እንግሊዞች ላልሆነ ነገር ለምን ሁለት ዓይነት አነጋገር እንዳስፈለጋቸው ጠየቀችው።

«ሁለተኛው ስለ ዛሬ ነው፤ ሦስተኛው ስላለፈው» አላት። «ላለፈው ምንም ማድረግ አይቻልም። ማለት ግን ይቻላል፤ ዓረፍተ ነገሩ የተሠራው ለዚያ ነው።»

ፈተናው ላይ መጣ። አገኘሁት። አለፍኩ፤ ኮሌጅም ገባሁ። ወንድሜ ያልሄደበትን መንገድ እኔ ስሄድ ቤታችን ውስጥ ደስታውና ሐዘኑ ተደባልቆ ነበር። ውጤቴን ባየበት ቀን አባቴ ግንባሬን ሳመኝና ወጥቶ እስኪመሽ ድረስ ሳይመለስ ቆየ።

አባቴ ከዚያ በኋላም ለዓመታት አስተማረ። ምዕራፉን ዳግመኛ አልዘለለውም። ግን በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ ከትምህርት ቤት መጥቶ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የሚተኛባቸው ቀናት ነበሩ። እናቴ ብርድ ልብስ ታለብሰዋለች። ምን ሆንክ ብላ አትጠይቀውም።

በኋላ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ፕላዝማ የሚባለው ትልቅ ቴሌቪዥን ገባ። ትምህርቱን በሳተላይት የሚሰጠው ከስክሪኑ ላይ ያለ ሰው ሆነ፤ አስተማሪው አጠገቡ ይቆማል፣ ያበራል፣ ያጠፋል። ብዙ ባልደረቦቹ ተበሳጩ። አባቴ ግን አላማረረም። እኔ ያን ጊዜ ተመርቄ ቃሊቲ አንድ የትራንዚት ቢሮ ተቀጥሬ ነበር። ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ከወትሮው ቀድሞ ገብቶ በረንዳው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ዛሬ ፕላዝማው አስተማረልኝ» አለኝ። የቱን ምዕራፍ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

«እንዴት ነበር?»

«ጥሩ ነው። ፈጣን ነው እንጂ። ልጆቹ አልያዙትም።»

«ከዚያስ?»

«ካለቀ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቀርታ ነበር። ቲቸር ይድገሙልን አሉኝ።»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከባድ መኪና አለፈና መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። አባቴ ጋዋኑን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አጣጠፈው።

«ደገምክላቸው?» አልኩት።

«ደገምኩላቸው» አለኝ። «ገባቸው።»